ገበጣ የማን ነው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱኝ ጥያቄዎች ተማክረው የመጡ ይመስላሉ። ሁሉም ስለ ስም ናቸው። የጌም ስም፣ የጌም ቤት ስም፣ ገና ያላለቀ ጌም ስም። ጎንደር ውስጥ ይሄን ያህል ሰው ጌም እየሠራ መሆኑን አላውቅም ነበር፣ ደስ ብሎኛል። ረጅሙን አስቀድሜዋለሁ፣ ልጆቹ የአምስት ቀን ጊዜ ነው የተሰጣቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድማችን። ሁለት ጓደኛሞች ነን፣ ኮምፒውተር ሳይንስ የተመረቅነው እዚሁ ጎንደር ነው። ሥራ እስክናገኝ ብለን ለስልክ የሚሆን ጌም ሠራን። ያው አያቶቻችን የሚጫወቱት ገበጣ ነው፣ ለሁለት ሰው ወይም ከስልኩ ጋር ይጫወቱታል። ስሙንም «ገበጣ» አልነው። ፕሌይ ስቶር ላይ ከወጣ አራት ወሩ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ የማናውቀው ሰው በቴሌግራም «ገበጣ የሚለው ስም በእኔ የተመዘገበ የንግድ ምልክት ነው፣ በአምስት ቀን ውስጥ ጌሙን ከፕሌይ ስቶር አንሱ ወይም 60 ሺህ ብር ክፈሉ፣ አለበለዚያ በሕግ እጠይቃችኋለሁ» ብሎ ጻፈልን። ጓደኛዬ እናንሳው ይላል። እኔ ደግሞ ገበጣ እኮ የአገር ነው እላለሁ። ማናችን ነን ልክ? (ሁለቱ፣ ከማራኪ)

መልስ፦ ወንድሞቼ፣ መጀመሪያ ጌሙን እንዳታነሱት። ብርም እንዳትልኩ። መልስም ዛሬ አትጻፉ። በተለይ ማታ፣ ተናዳችሁ፣ አትጻፉ። «ይቅርታ፣ አላወቅንም ነበር» የምትል አንዲት መስመር ነገ ጥፋታችሁን እንዳመናችሁ ተደርጋ ልትቀርብ ትችላለች። እሱ የጻፈውን ግን ስክሪንሾት አንሱና አስቀምጡት፣ በኋላ ሊያጠፋው ይችላል።

ወደ ጥያቄው ስንመጣ፣ «የአገር ነው» ያልከው ልጅ ለእውነቱ ትቀርባለህ፣ ምክንያትህ ግን ትንሽ ይስተካከል። ሕጉ ቃሉ የአገር ነው ወይስ የግለሰብ ብሎ አይጠይቅም። ይሄ ቃል እዚህ ዕቃ ላይ ተለጥፎ ሲያየው ገዢው «አሃ፣ የእነ እገሌ ሥራ ነው» ይላል ወይ ብሎ ነው የሚጠይቀው። ዳቦ ቤት ከፍቼ «ዳቦ» የሚለውን ቃል ለብቻዬ ልያዘው ብል ማንም አይሰማኝም። ጎረቤቴ ያለው ጋጋሪ የሚሸጠውን ምን ብሎ ይጥራው? ያው «ዳቦ» ግን የመኪና እሽቅድምድም ጌም ስም ቢሆን ነገሩ ሌላ ነው። መኪናና ዳቦን ምንም አያገናኛቸውም፣ ስለዚህ ቃሉ ያንን ጌም ሠሪ ብቻ ያስታውሳል፣ ሊመዘገብም ይችላል። አፕልም ፖም ነጋዴ ቢሆን ኖሮ በዚህ ስም የትም አይደርስም ነበር።

የእኛ አዋጅም ከዚህ አይርቅም። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ይባላል። የዕቃውን ዓይነት ወይም ጥራት ብቻ የሚናገር ቃል፣ እንዲሁም በዕለት ተዕለት ንግግርና በንግዱ ውስጥ የተለመደ ቃል፣ ለብቻው ምልክት ሆኖ አይመዘገብም ይላል። ለገበጣ ጨዋታ ደግሞ «ገበጣ» ከሚለው በላይ ምን የተለመደ ቃል አለ? አያቴ ግቢ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ የተፈለፈለች ገበጣ ነበረች። ጉድጓዶቿ ከእጅ ብዛት ለስልሰው፣ ክረምት ክረምት ውሃ ይተኛባቸው ነበር፣ እኛ ውሃውን በመዳፋችን ጠርገን ጠጠራችንን እንዘራባት ነበር። ያቺን ድንጋይ ማን በስሙ ያስመዝግባት?

ስለዚህ ሰውዬውን አንድ ነገር ብቻ ጠይቁት። የምዝገባ ምስክር ወረቀትህን ላክልን በሉት። በቃ። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል እንደሚባለው፣ እንዲህ ዓይነቱ ሰው ብዙውን ጊዜ ያለው አፍ ነው።

ይሄን የምለው እኔም ስለተበላሁ ነው። ከዓመታት በፊት ፒያሳ አካባቢ «ብርሃን» የምትባል ፎቶ ኮፒ ቤት ነበረችኝ። አንድ ቀን ሱፍ የለበሰ ሰውዬ ክላሰር ይዞ መጣና ማህተም ያለበት ወረቀት ከሩቅ አሳየኝ። ስሙ የእሱ ነው፣ በሳምንት ውስጥ ካልቀየርኩ ይከሰኛል። እኔ ማህተሙን አየሁ፣ ጽሑፉን አላነበብኩም። ሰዓሊ ጠርቼ ታፔላውን አስቀባሁ። ሰዓሊው ቀለም ቆጥቦ ነው መሰለኝ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያርፍበት «ብርሃን» የምትለዋ ከአዲሱ ስም ሥር ብቅ ትል ነበር፣ ደንበኞቼም እስከ መጨረሻው ብርሃን እያሉ ነው የጠሩኝ። በኋላ ሕግ የሚያውቅ ወዳጄ ሲያጣራልኝ ወረቀቱ የንግድ ምልክት ሳይሆን የንግድ ስም ሆኖ ተገኘ። ያውም በሌላ ከተማ። ያውም ለወፍጮ ቤት።

ልዩነቱን ያዙ። የንግድ ስም ንግድ ፈቃድ ስታወጡ ንግድ ቢሮ የሚመዘግብላችሁ የድርጅታችሁ መጠሪያ ነው። የንግድ ምልክት ደግሞ ዕቃችሁ ወይም አገልግሎታችሁ የሚታወቅበት ነው፣ የሚመዘገበውም በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ብዙ ሰው አንዱን ይዞ ሁለቱንም የያዘ ይመስለዋል።

ወረቀቱ በእርግጥ ከመጣ ደግሞ ቀኑን እዩ። አንድ ምዝገባ የሚያገለግለው 7 ዓመት ነው፣ ከዚያ በየ7 ዓመቱ ካልታደሰ ያልፍበታል። ሦስት ዓመት በተከታታይ ሥራ ላይ ያልዋለ ምልክት እንዲሰረዝ መጠየቅም ይቻላል። ከዚያ ምድቡን እዩ፣ ዋናው እሱ ነው። በዓለም አቀፉ አከፋፈል ዕቃና አገልግሎት በ45 ምድብ ይቀመጣል፣ ሶፍትዌር 9ኛው ውስጥ፣ መጫወቻና የሰሌዳ ጨዋታ 28ኛው ውስጥ፣ የመዝናኛ አገልግሎት 41ኛው ውስጥ ነው። ሰውዬው «ገበጣ»ን ያስመዘገበው ለሳሙና ከሆነ በሳሙናው ይጠቀምበት። የተመዘገበው ቃሉ ብቻ ነው ወይስ ከአንድ ሥዕል ጋር ተጣምሮ የሚለውንም ተመልከቱ፣ ብዙ የተለመደ ቃል በዚህ በር ነው ሾልኮ የሚገባው፣ ጥበቃው ግን ሥዕሉንና አጻጻፉን እንጂ ባዶ ቃሉን ያን ያህል አይሸፍንም። እንዲያው ሁሉም ነገር ተሟልቶ ቢገኝ እንኳ አንድ ሰው የዕቃውን ዓይነት በቅን ልቦና ለመግለጽ ቃሉን ሲጠቀም ባለምልክቱ ሊከለክለው አይችልም። «ይሄ የገበጣ ጌም ነው» ማለት እንግዲህ ይሄው ነው።

አሁን ወደ ፈሪው ጓደኛህ። ፈሪ ያልኩት ስቀልድ ነው፣ ያየው ነገር አለ። ፕሌይ ስቶርም ሆነ አፕ ስቶር ቅሬታ ሲቀርብባቸው ፍርድ እስኪሰጥ ላይጠብቁ ይችላሉ። ቅሬታው አሳማኝ ከመሰላቸው ጌሙን ያነሱታል፣ ከዚያ ክርክሩ የእናንተ ይሆናል። የ«ኤጅ»ን ታሪክ ሰምታችሁ ይሆናል። ኤጅ ጠርዝ ማለት ነው፣ ከዚህ በላይ የተለመደ ቃል የለም። ሞቢጌም የሚባል ትንሽ የፈረንሳይ ድርጅት በዚህ ስም ኩብ እያንከባለሉ የሚጫወቱት ጌም ለአይፎን አወጣ። ቲም ላንግዴል የሚባል እንግሊዛዊ የጌም ሰው ስሙ የእኔ ምልክት ነው አለና በ2009 ጌሙ ከአፕ ስቶር ተነሳ (የውጭውን ነገር ሳነሳ ዓመቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ፍርድ ቤት የለ፣ ዳኛ የለ። በ2010 ላንግዴል ትልቁን ኤሌክትሮኒክ አርትስን «ሚረርስ ኤጅ» በሚለው ጌሙ የተነሳ ከሰሰ። እዚያ ግን ገንዘብና የጠበቃ መዓት ጠበቀው። ዳኛ ዊልያም አልሰፕ የጠየቀውን እግድ ከለከሉት፣ ያቀረበውን ማስረጃም እንደሚጠራጠሩት ጻፉ። የ«ኤጅ» ምልክቶቹም በ2013 ከአሜሪካ መዝገብ ተሰረዙ። ለሞቢጌም ግን የ2009ን ሽያጭ ማን ይመልስለታል?

ስለዚህ ገና ቅሬታ ሳይመጣ ተዘጋጁ። ጌሙ መቼ እንደወጣ፣ ስንት ሰው እንዳወረደው፣ የመጀመሪያው ንድፍ የተሠራበትን ቀን፣ ሁሉንም አንድ ቦታ አስቀምጡ። ገበጣ የጨዋታው ስም መሆኑን የሚያሳይ መዝገበ ቃላት ገጽ ፎቶ አንሱ፣ ይሄ ቀላል ይመስላል፣ ግን የፕሌይ ስቶርን ቅሬታ የሚመረምረው ሰው አማርኛ ላይችል ይችላል። ለእሱ ገበጣ ማለት ባዶ ድምፅ ነው፣ እንደ ፈጠራ ቃል ሊያየው ይችላል። እዚህ ላይ ነው የእኛ ቃል ከእንግሊዝኛው ይልቅ የሚጋለጠው።

ከዚያ ደግሞ ስሙን ተነጋገሩበት። «ገበጣ» ብቻውን ለእናንተም አይበጃችሁም። ነገ ሌላ ልጅ ሌላ ገበጣ ሠርቶ በዚሁ ስም ቢያወጣው እናንተም ልትከለክሉት አትችሉም። ከፊቱ የራሳችሁ የሆነ ነገር አስቀድሙ። የሰፈር ቅጽል ስም ይሁን፣ ራሳችሁ የፈጠራችሁት ቃል ይሁን። «ገበጣ» የሚለው ከኋላ ሆኖ ጨዋታውን ይናገር፣ የፊተኛው ደግሞ እናንተን። ከዚያ የፊተኛውን አስመዝግቡ።

ስም አለማስመዝገብ ስም ከመቀየር ጋር አንድ እንዳልሆነም እወቁ። ሄዝላይት የሚባል የስዊድን ስቱዲዮ «ኢት ቴክስ ቱ» የሚል ጌም ሲያወጣ ቴክ ቱ የተባለው ግዙፍ ኩባንያ ስሙ ከስሜ ጋር ይምታታል ብሎ ተቃወመ። ሄዝላይት የምልክት ምዝገባውን ተወው። ጌሙ ግን በዚያው ስም ተሸጠ፣ በዚያው ስም የ2021ን የዓመቱ ምርጥ ጌም ሽልማት ወሰደ።

60 ሺህ ብሩን ለሰውዬው ከምትሰጡ ከላዩ ትንሽ ቆንጥራችሁ የንግድ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ አንድ ሰዓት አማክሩ። ጌሙንም አውርጄዋለሁ። ስልኩ አሸንፎኛል፣ ሦስት ጊዜ።

ጥያቄ፦ አንተ ልጅ፣ ደህና ነህ? ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። የልጅ ልጄ ከረሜላ እየደረደሩ የሚያፈነዱበትን ጌም ሲጫወት አየሁት። በጨዋታ መሐል «ካንዲ የሚለውን ቃል ኩባንያው የእኔ ነው ብሎ ነበር» አለኝ። ካንዲ ከረሜላ አይደለም ወይ? ከረሜላን የእኔ ነው የሚል ሰው አለ? አልተቀበልኩትም፣ ማኪያቶ ተወራረድን። እውነቱን ንገረን። (ጡረተኛው መምህር፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ማኪያቶውን እርስዎ ነዎት የሚከፍሉት። ልጁ ልክ ነው።

ኩባንያው ኪንግ ይባላል። «ካንዲ ክራሽ ሳጋ»ን በ2012 ነው ያወጣው። በ2013 «ካንዲ» የምትለዋን ቃል ለብቻዋ አሜሪካ ውስጥ ላስመዝግብ ብሎ አመለከተ፣ ለጌም ብቻ ሳይሆን ለልብስም ጭምር። ጃንዋሪ 2014 ላይ መሥሪያ ቤቱ ማመልከቻውን ተቀብሎ የሚቃወም ካለ ይምጣ ሲል፣ በጌማቸው ስም ውስጥ ካንዲ ያለባቸው ሠሪዎች ደብዳቤ ይደርሳቸው ጀመር። ጫጫታው ተነሳ። ኪንግ በዚያን ሰሞን አክሲዮኑን ኒውዮርክ ገበያ ላይ ሊያወጣ እየተዘጋጀ ነበር፣ እንዲህ ባለ ጊዜ ስም መጥፋት ያስወድዳል። ፌብሩዋሪ ላይ የአሜሪካውን ማመልከቻ ተወው። አውሮፓ ውስጥ በዚሁ ቃል ላይ የያዘውን ምዝገባ ግን አልተወም።

በጣም የገረመኝን ልንገርዎት። «ካንዲ ስዋይፕ» የሚባል ጌም ነበር፣ በ2010 የወጣ፣ ከኪንግ ሁለት ዓመት የቀደመ። ባለቤቱ አንድ ሰው ነው፣ ቀድሜያለሁ ብሎ ተቃወመ። ኪንግ ምን አደረገ? «ካንዲ ክራሸር» የሚል፣ ከሁለቱም የሚያረጅ የተመዘገበ ስም ፈልጎ ገዛ። ከፊትዎ ተሰልፎ የቆመን ሰው ለመቅደም ከእሱ ፊት የቆመውን ሰው ቦታ በብር እንደመግዛት ማለት ነው። ሕጋዊ ነው። እኔ ግን ሳነበው ደሜ ፈልቷል። ኤፕሪል 2014 ላይ ተስማሙና ነገሩ በዚያው በረደ።

ሁለተኛዋ ቃል «ሳጋ» ናት። ሳጋ የአይስላንድ ሰዎች ረጅሙን የጀግንነት ታሪካቸውን የሚጠሩበት የመቶ ዓመታት ቃል ነው። ስቶይክ የሚባል ትንሽ ስቱዲዮ የእነዚያን የሰሜን ሰዎች ዓለም መሠረት አድርጎ «ባነር ሳጋ» የሚል ጌም ሲሠራ ኪንግ ምዝገባውን ተቃወመ። ቃሉ ለማን እንደሚገባ እርስዎ ይፍረዱ። የሚያስቀው ደግሞ ኪንግ ራሱ ባነር ሳጋ የእኛን ጌም ቀድቷል ብለን አናምንም ማለቱ ነው። ታዲያ ለምን ተቃወምክ ሲባል፣ ይሄን ዝም ካልኩ ነገ እውነተኛውን ቀጂ መከልከል ያቅተኛል አለ።

ይሄ ምክንያት ግማሹ እውነት ነው፣ እርስዎም ያውቁታል። ማሳን የሚያዋስን ጎረቤት በየዓመቱ አንድ አንድ ትልም እየገፋ ሲመጣ ዝም ያለ ባለርስት፣ በአሥረኛው ዓመት ድንበሩ የት እንደነበረ ምስክር ያጣል። የንግድ ምልክትም እንደዚያ ነው፣ ካልጠበቁት ይሟሟል። ሌላው ግማሽ ግን ሰበብ ነው። ድንበር መጠበቅ አንድ ነገር ነው፣ መንገዱን ሁሉ ማሳዬ ነው ማለት ሌላ ነው።

እንዲህ ያለው ብዙ ነው። ማይንክራፍትን የሠራው ሞጃንግ በ2011 «ስክሮልስ» የሚል ጌም እያዘጋጀ ሳለ የ«ኤልደር ስክሮልስ» ባለቤቶች ከሰሱት። ስክሮል ጥቅልል ብራና ነው፣ ጋሼ፣ እኛ ገዳማት ሞልቶ የተረፈው። የሞጃንጉ ማርከስ ፐርሰን ክሱን ትተን በኳክ 3 ጌም ተጋጥመን እንወስን ብሎ በአደባባይ ጋበዛቸው፣ አልተቀበሉትም። በ2012 በስምምነት አለቀ፣ ጌሙ ስሙን ይዞ ቀጠለ። ስካይ የሚባለው የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ደግሞ «ሰማይ» የምትለዋን ቃል ይዞ «ኖ ማንስ ስካይ»ን የሠሩትን ልጆች ሦስት ዓመት አመላለሳቸው፣ በ2016 ጌሙ ሊወጣ ሁለት ወር ሲቀረው ነው የተስማሙት። ይሄው ስካይ ማይክሮሶፍትን በፍርድ ቤት ረትቶ «ስካይድራይቭ» የሚለውን ስም «ዋንድራይቭ» አስብሎታል። ስለዚህ ትልቅም ይሸነፋል።

ፈረንጆቹን ብቻ እንዳይታዘቡ ግን። እኛም ለቃል ተሟግተናል። ኢትዮጵያ በፈረንጆቹ 2005 ሲዳሞ፣ ሐረር፣ ይርጋጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች አሜሪካ ውስጥ ላስመዝግብ ስትል የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር እነዚህ እኮ የቡና ዓይነት የሚጠራባቸው የተለመዱ ቃላት ናቸው ብሎ ተቃወመ። ልብ ይበሉ፣ ልክ እኔ ከላይ ለገበጣዎቹ ልጆች ያልኩትን ነው ያሉት። ከስታርባክስ ጋር እስከ ሰኔ 2007 ከተጓተተ በኋላ በስምምነት ተቋጨ። እኔ የእኛን ወገን ይዤ እከራከራለሁ፣ ሲዳሞ ያለ ሰው ልቡ ወደ አንድ አገር ይሄዳልና፣ ካንዲ ያለ ግን የትም አይሄድም። ወገንተኛ ነህ ካሉኝ ግን አልክድም።

ጥያቄ፦ እናት ነኝ። ልጄ ከግንቡ ውስጥ እየተሯሯጡ ቁልፍ የሚፈልጉበት ጌም እየሠራ ነው፣ ስሙን «ፋሲል» ብሎታል። አባቱ «የኳስ ክለቡ ይከስሃል» እያለ እንቅልፍ ነሣው። ይከሱታል ወይ? (የልጅ እናት፣ ከቀበሌ 18)

መልስ፦ እትዬ፣ ልጁ ይተኛ። አፄ ፋሲለደስ ጎንደርን ከቆረቆሩ ከ1636 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ይሄ ስም የከተማው ሆኗል። እስቲ ከፒያሳ ተነስተው በእግር ይውረዱ፣ ፋሲል ዳቦ፣ ፋሲል ፀጉር ቤት፣ ፋሲል ጎማ ጥገና እያሉ ይቆጥራሉ። ሁሉም የሚጠቀምበትን ስም አንዱ ብቻውን ልያዘው ቢል ማን ይሰማዋል? ልጁ መጠንቀቅ ያለበት ሌላ ቦታ ነው። የክለቡን፣ የፋሲል ከነማን፣ ዓርማ አይጠቀም፣ ማሊያውን አይሳል፣ «አፄዎቹ» የሚለውን የክለቡን መጠሪያ ኳስ ካለበት ጌም ጋር አያጣምር። ያኔ ተጫዋቹ ክለቡ ያወጣው ጌም ሊመስለው ይችላል፣ ክሱ የሚመጣው በዚያ ነው። እንዲያው ለራሱ ጥቅም ግን ስሙን ያርዝመው። ፕሌይ ስቶር ላይ «ፋሲል» ብሎ የሚፈልግ ሰው የኳስ ውጤት ነው የሚመጣለት፣ ጌሙን ማን ያገኘዋል?

ጥያቄ፦ የመረጥነው ስም «ንጉሥ» ነበር፣ ለጌም የተመዘገበ አገኘን። በ«ሥ» ፈንታ «ስ» ብንጽፈውስ ያልፋል? (ሦስት ተማሪዎች)

መልስ፦ አያልፍም። ፊደል የሚቆጥር የለም፣ የሚታየው ዓይንና ጆሮ ይሳሳታል ወይ ነው። «ንጉሥ»ና «ንጉስ» ለጆሮ አንድ ናቸው፣ ለዓይንም ቢሆን ከአንድ የአማርኛ መምህር በቀር ማንም አይለያቸውም። ሐመሩ ሐ፣ ሃሌታው ሀ፣ ብዙኃኑ ኀ እያላችሁ ብትቀያይሩም ያው ነው። በላቲን ፊደል ጽፋችሁ አንድ ፊደል ብትደግሙም ያው ነው።

አንዳንዴ ግን ፊደል የሚያስታርቅበት ጊዜ አለ። «ፕሬይ ፎር ዘ ጎድስ» የሚል ጌም የሠሩ ልጆች «ፕሬይ» የሚል ጌም ካለው ኩባንያ ተቃውሞ ሲገጥማቸው በ2017 በመሐል አንድ ፊደል ጨምረው አለፉ። ያለፉት ግን ሌላው ወገን ስለተስማማ ነው። እናንተ ከማን ጋር ተስማምታችሁ ነው?

በእኛ ቋንቋ ደግሞ አንድ ፊደል ትርጉሙን ጭራሽ ሊለውጠው ይችላል። ገበታና ገበጣን አስቡ። ጎርጎራ ያለው ገበታ ነው፣ የማራኪዎቹ ልጆች ገበጣ ነው፣ ስልኬ ግን ይሄን መልስ ስጽፍ ሁለቱን አራት ጊዜ አምታቶብኛል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ጌም ቤት አለኝ። አራት ቲቪ፣ አራት ፕሌይስቴሽን። ስሙ «ፊፋ ጌም ዞን» ነው፣ ታፔላዬም ላይ ዋንጫ አሥዬበታለሁ። ጌሙ ስሙ ተቀየረ ሲሉኝ እኔስ ልቀይር ወይ ብዬ ነው። (ባለ ጌም ቤቱ)

መልስ፦ ጌሙ በእርግጥ ስሙን ቀይሯል። ኤሌክትሮኒክ አርትስ ከፊፋ ጋር በስሙ ክፍያ አልተስማሙምና ከ1993 ጀምሮ የነበረው ስም በ«ፊፋ 23» አበቃ። ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ «ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ» ነው። ኤፍሲ እንግዲህ እግር ኳስ ክለብ ማለት ነው፣ ከተለመደም የተለመደ፣ ሰፈር ያለ ቡድን ሁሉ የሚለጥፈው። ለዚህ ነው ከፊቱ የራሳቸውን ስም ያስቀደሙት። አንተ ጋ የሚመጡት ልጆች ግን አሁንም «ፊፋ ክፈትልን» ነው የሚሉት፣ አውቃለሁ፣ የእኔም ወንድም እንደዚያ ነው የሚለው።

ዙሪክ ያለው ፊፋ ቅዳሜ ገበያ ያለችውን ቤትህን ፈልጎ አይመጣም። ግን ስሙ የተመዘገበም ባይሆን በዓለም የታወቀ ምልክት እዚህም ጥበቃ አለው፣ ዋንጫውም የእነሱ ነው። ነገ ቤትህ አድጎ ሁለተኛና ሦስተኛ ስትከፍት፣ ወይም ስሙን ላስመዝግብ ስትል፣ በሰው ስም ላይ የሠራኸው ሁሉ ከንቱ ይሆንብሃል። ግድግዳህ ላይ «ፕሌይስቴሽን አለ» ብለህ ብትጽፍ ችግር የለውም፣ እውነት ስለሆነ። የቤትህ መጠሪያ ማድረግ ነው ችግሩ።

አሁን ባለ አራት ቲቪ ሳለህ ቀይረው፣ ርካሽ ነው። ሰዓሊውን ግን አሮጌውን ቀለም ሙልጭ አድርጎ ፍቆ እንዲቀባልህ ቁመህ አሠራው።